ጨለማውን ጓደኛ ማደን፦ የማይታይ ጥቁር ጉድጓድ ከደሴ ሆኖ የመፈለግ አሠራር

ደሴ ላይ ሰማይ እንደ ልብ አይገኝም። ክረምቱን ደመናው ይወስደዋል፤ በጋውም ቢሆን የጦሳ ተራራ ጉሙን የለቀቀ ማታ ከጎረቤት አምፖል በስተቀር የሚታይ የለም። ቴሌስኮፕ የለኝም ብሎ ለሚያዝን ሰው ግን ደስ የሚል ወሬ አለኝ፦ የማይታይ ጓደኛ ያለው ኮከብ አደን ከአሥር እጁ ዘጠኙ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ነው። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ማታ ማታ ስንሠራ፣ ደጋግመን እየተሳሳትን የደረስንበትን አካሄድ ነው እዚህ የምጽፈው።

የምናድነው ምን እንደሆነ ላስረዳ። ብዙ ኮከቦች ጥንድ ሆነው እርስ በርስ ይዞራሉ። አንዳንዴ ከጥንዱ አንዱ ነዳጁን ጨርሶ ሞቷል። ሬሳው ትንሽ፣ ከባድና ጨለማ ነው፦ ነጭ ድንክ፣ ኒውትሮን ኮከብ ወይም ጥቁር ጉድጓድ። ሟቹ አይታይም፤ ቋሚውን ግን ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል።

ከወዲሁ ልናገር፦ ከባድ ነገር እንዳለ ማወቅ ቀላሉ ሥራ ነው። አስቸጋሪው፣ ነገሩ በእርግጥ ጨለማ ነው ወይስ እኛ ነን ብርሃኑን ያላየነው የሚለው ነው።

ክፍል ውስጥ ብሆን "መጠነ ቁስ" እል ነበር፤ እዚህ ክብደት እያልኩ እቀጥላለሁ። መለኪያውም ፀሐይ ናት፤ "3 ፀሐይ" ስል የፀሐይን ክብደት 3 እጥፍ ማለቴ ነው። ዓመቶቹ ካልገለጽኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዓይን ጀምሩ፦ አልጎል

ላፕቶፑን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጥንድ በዓይናችሁ እዩ። በታኅሣሥ አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ፤ አልጎል ከአድማሱ 60 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ስልክ ላይ የሚጫን የሰማይ ካርታ ይጠቁማችኋል። በዚያው አካባቢ ያሉትን አልማክንና ኤፕሲሎን ፐርሲን ለማወዳደሪያ ያዙ። በደህናው ጊዜ አልጎል ከአልማክ እኩል ይደምቃል። በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ግን ይደበዝዝና ከኤፕሲሎን ፐርሲ በታች ይወርዳል፤ ወርዶ እስኪመለስ 10 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በየግማሽ ሰዓቱ "ከአልማክ ያንሳል፣ ከኤፕሲሎን ይበልጣል" እያላችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ጋቢ ሳትይዙ አትውጡ።

በ1783 ጆን ጉድሪክ የተባለ መስማት የተሳነው የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት ይህንኑ ሲቆጥር ከርሞ፣ አንድ የማናየው ጨለማ አካል በፊቱ እያለፈ ይሆናል ብሎ ጻፈ። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ዕድሜውን ደግመው ይጠይቁኛል። የጉድሪክ "ጨለማ አካል" ኋላ ላይ ምን ሆኖ እንደተገኘ እስክንደርስበት በልባችሁ ያዙት፤ ያስፈልገናል።

የሰዓቱ ጣጣ

ይህን የትኛውም የውጭ መመሪያ አይነግራችሁም። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ የአልጎልን ድብዘዛ በጥንቃቄ መዝግቦ ግራፉ አልገጥም አለው። ደብተሩን ሳየው "8፡00" ይላል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለቱ ነበር፣ ኮምፒውተሩ ግን የጠዋት አድርጎ ወስዶታል።

መላው ቀላል ነው። የማታና የሌሊት ሰዓታችን ላይ 15 ጨምሩ፣ የቀኑ ላይ 3 ጨምሩ፤ ዓለም አቀፉን ሰዓት ታገኛላችሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት 21፡00 ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 24 ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑም ይለወጣል። ከዚያ ሁሉንም ወደ ጁሊያን ቀን ቀይሩ፤ ወር፣ ጳጉሜን፣ ሰዓት የሌለው ተራ የቀን ቆጠራ ነው። ለማረጋገጫ፦ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቁጥሩ 2451545 ነበር። የእናንተ ፕሮግራም ይህን ካልሰጠ ሌላውን ሁሉ አትመኑት።

ሚዛኑ

አንድ ወገኑ አጭር፣ ሌላው ረጅም ክንድ ያለውን የብረት ሚዛን የምታውቁት ይመስለኛል። ጆንያው በአጭሩ ክንድ ይንጠለጠላል፤ ትንሿ ድቡልቡል ብረት በረጅሙ ላይ ርቃ ታመዛዝነዋለች። ጥንድ ኮከብም እንዲሁ ነው፦ ከባዱ ወደ መሃሉ ይጠጋል፣ ቀላሉ ርቆ ይዞራል። እንግዲህ ጨለማ ገበያ ውስጥ የምትታየው ድቡልቡሏ ብቻ ብትሆንና ከማንጠልጠያው ምን ያህል እንደራቀች ብትለኩ፣ በሌላው ጫፍ ስንዴ ይሁን ድንጋይ ባታዩም ክብደቱን ታሰላላችሁ።

ፍሪድሪክ ቤሴል በ1844 ያደረገው ይህን ነው። ሲርየስ ቀጥ ብሎ እንደማይጓዝ፣ እንደሚዋዥቅ አስተውሎ የማይታይ ጓደኛ አለው አለ። በ1862 አልቫን ግርሃም ክላርክ በአዲስ ቴሌስኮፕ ሲያይ እውነትም ጎኑ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ አለች። ዛሬ ሲርየስ ቢ የምንላት ነጭ ድንክ ናት፤ ክብደቷ ከፀሐይ፣ ግዝፈቷ ከመሬት የሚቀራረብ። በጥር ማታ ደቡብ ላይ ከሁሉ ደምቆ የሚታየው ሲርየስ ነው፤ ጓደኛውን ግን በድምቀት 10 ሺህ እጥፍ ገደማ ስለሚበልጣት በዓይን አትፈልጓት።

ሠንጠረዡን ማውረድ

ጋያ የተባለው የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ መንኮራኩር እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ከ1 ቢሊዮን በላይ ኮከቦችን ቦታ ሲለካ ቆይቷል። ሰኔ 2022 የወጣው 3ኛው ልቀት ከ160 ሺህ በላይ የቦታ ውዝዋዜ ምህዋሮችን ይዟል፤ ለማንም ነፃ ነው። የጋያን ማኅደር ድረ ገጽ ክፈቱ፣ ስሙ "ኤን ኤስ ኤስ ቱ ቦዲ ኦርቢት" ተብሎ የሚነበበውን ሠንጠረዥ ምረጡ፣ የመፍትሔ ዓይነቱ "ኦርቢታል" ወይም "አስትሮስፔክትሮ" የሚለውን ብቻ አስቀሩ። ሙሉውን አታውርዱ። የምትፈልጉት ጥቂት ዓምዶች ናቸው፦ የኮከቡ መለያ ቁጥር፣ ፓራላክስ (መሬት ስትዞር ኮከቡ ቦታ የለወጠ የሚመስልበት ልክ፤ ርቀቱን የሚነግረን እሱ ነው)፣ የዙረት ጊዜ፣ ሞላላነት፣ ኤ፣ ቢ፣ ኤፍ፣ ጂ የሚባሉት አራት የምህዋር ቁጥሮች፣ ከነስህተታቸው። እኛ በሌሊት ጥቅል ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የምናወርደው፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ የወረደው እንዳይባክን 10 ሺህ 10 ሺህ መስመር እየቆረጥን።

ከወረደው ላይ ሁለት ዓይነት መስመር በጥርጣሬ ለዩ። ዙረቱ ወደ 1 ዓመት የሚጠጋው መሬት በፀሐይ ዙሪያ ከምትሄድበት ጋር ይምታታል። ለ63 ቀን ወይም ለእጥፎቹ የሚቀርበው ደግሞ የጋያ የራሱ ዘንግ በ63 ቀን አንዴ ይዞር ስለነበር የመሣሪያው ጥላ ሊሆን ይችላል። ጣሏቸው አላልኩም፤ ለዩአቸው።

ስሌቱ፣ በእጅ

ከአራቱ ቁጥሮች የውዝዋዜውን ስፋት እናውጣ። አራቱንም በየራሳቸው አባዝታችሁ ደምሩና ለ2 አካፍሉ፤ ይህን "ድምር" በሉት። ኤ የሚባለውን በጂ አባዙ፣ ከውጤቱ ላይ ቢ በኤፍ ሲባዛ የሚመጣውን ቀንሱ፤ ይህን "ልዩነት" በሉት። ከድምር ካሬ የልዩነትን ካሬ ቀንሱ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፣ ድምርን ጨምሩበት፣ እንደገና ስኩዌር ሩት። የመጣው የውዝዋዜው ስፋት ነው። በፓራላክሱ ስታካፍሉት በመሬትና በፀሐይ መካከል ባለው ርቀት ተመዝኖ ይመጣል።

አሁን ይህን ስፋት ለራሱ ሦስት ጊዜ አባዙና በዙረቱ ዓመት ካሬ አካፍሉ። ይህ ነው የአደኑ ቁልፍ ቁጥር። ጓደኛው ጨለማ ከሆነ ቁጥሩ የጓደኛው ክብደት ሦስት ጊዜ ለራሱ ተባዝቶ፣ በጥንዱ ጠቅላላ ክብደት ካሬ ሲካፈል ከሚመጣው ጋር እኩል ነው።

ልምምዱን በጋያ ቢኤች 1 ሥሩ። በ2022 የታወጀ፣ 1,560 የብርሃን ዓመት ያህል የራቀ፣ ፀሐይን የመሰለ ኮከብ ከጥቁር ጉድጓድ ጋር የሚዞርበት ጥንድ ነው። የሚታየው ኮከብ 0.93 ፀሐይ ይመዝናል፤ የውዝዋዜው ስፋት 1.28፣ ዙረቱ 185.6 ቀን ወይም 0.508 ዓመት። 1.28 ለራሱ ሦስት ጊዜ 2.1 ይሰጣል፤ በ0.258 ሲካፈል 8 ገደማ። የጓደኛውን ክብደት ለማግኘት አልጀብራ አያስፈልግም፤ ኤክሴል ላይ ሞክሩ። 9 ፀሐይ ብትሉ 7.4 ይመጣል፣ ያንሳል። 10 ብትሉ 8.4፣ ይበልጣል። 9.6 ላይ 8 ይሞላል። የተማሪዎቼን ፊት ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ አንዷ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ "ይኼ ነው በቃ?" አለች።

ወንፊቱስ? ጓደኛው ተራ ኮከብ ከሆነ ከሚታየው አይከብድም፤ ቢከብድ ኖሮ እሱ ነበር የሚደምቀው። ከሚታየው ጋር እኩል ቢከብድ እንኳ ቁልፍ ቁጥሩ ከሚታየው ኮከብ ክብደት ሩብ አያልፍም። ድብቁ በራሱ ሁለት ኮከቦች ተጣብቀው ቢሆኑና እያንዳንዳቸው የሚታየውን ቢያህሉ ደግሞ እስከ ክብደቱ 0.89 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ከሩብ በታች ያለውን ተዉት፤ በሩብና በ0.9 መካከል ያለው የሚጠረጠር ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነውን በእርሳስ አክብቡበት። አብዛኛው ዝርዝራችሁ በመጀመሪያው ወንፊት ይረግፋል፤ አይክፋችሁ።

በፍጥነት ማረጋገጥ

የ185.6 ቀን ዙረት ለ3 ጊዜ 63 ምን ያህል እንደሚቀርብ ልብ በሉ። የቢኤች 1 ምህዋርም በሌላ መንገድ ሳይረጋገጥ የሚታመን አልነበረም። ሌላው መንገድ ዶፕለር ነው። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ በስፔክትረሙ (በየቀለሙ በተበተነው ብርሃኑ) ላይ ያሉት መስመሮች ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ ይሸሻሉ። በቢኤች 1 ላይ ፍጥነቱ ከመካከለኛው በሰከንድ 66.7 ኪሎ ሜትር ግራና ቀኝ ይዋዥቃል፤ በ656.28 ናኖ ሜትር ያለችው ቀይ የሃይድሮጅን መስመር 0.15 ናኖ ሜትር ያህል ትሸሻለች ማለት ነው። የቻይናው ላሞስት ቴሌስኮፕ ቀድሞ ያነሳቸው ስፔክትረሞች ማኅደር ውስጥ ነበሩ፤ አጥኚዎቹ መጀመሪያ የዞሩትም ወደዚያ ነው። እናንተም ከማንም ቴሌስኮፕ ከመለመናችሁ በፊት ማኅደር ፈልጉ።

66.7ን ለራሱ ሦስት ጊዜ አባዙ፤ 296,741። በ185.6 ቀን አባዙ፤ ከ55 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጣል። ለ9,650,000 አካፍሉ (መለኪያዎቹን ወደ ፀሐይ ክብደት የሚቀይር ቁጥር ነው)፤ 5.7። ምህዋሩ ክብ ቢሆን እዚህ ያበቃ ነበር፤ ግን ሞላላ ነው፣ ልኩ 0.45። የ0.45ን ካሬ ከ1 ቀንሱ፣ የቀረውን በራሱ ስኩዌር ሩት አባዙ፤ 0.71። ሁለቱን ስታባዙ 4 ገደማ ይሆናል። ከላይ 8 ነበር፤ ለምን ግማሽ ሆነ? ዶፕለር የሚያየው ወደ እኛና ከእኛ የሚሄደውን ብቻ ስለሆነ፣ ምህዋሩ ዘንበል ያለውን ያህል ፍጥነት ይሰረቃል። የቢኤች 1 ዘንበልታ ሲታረም 4ቱ ወደ 7.8 ይወጣል። ከሁለት የተለያዩ መንገዶች 8 እና 7.8። ሁለቱ እንዲህ ሲጨባበጡ ነው ማመን የሚጀመረው። ዘንበልታውን ባታውቁ እንኳ 4 የማይነቃነቅ ወለል ነው፦ ጓደኛው ከዚያ ሊቀል አይችልም።

በጣም ተቀራርበው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ለሚዞሩት ሌላ ምልክት አለ። የጓደኛው ስበት ኮከቡን እንደ እንቁላል ይለጥጠዋል፤ ጎኑን ሲያሳየን ይደምቃል፣ ጫፉን ሲያሳየን ይደበዝዛል። በአንድ ዙር ሁለት ጉብታ። የቴስ መንኮራኩር የብርሃን ግራፎች ለዚህ ይሆናሉ። እኛም አንዴ እንዲህ ያለ የሚያምር ግራፍ አግኝተን ቡና አፈላን፣ አምባሻ ቆረስን። በማግሥቱ አንዱ ተማሪ የግራፉን ቋሚ መስመር በማስመሪያ ለካና ብርሃኑ በ40 ከመቶ ይወርዳል አለ። በመለጠጥ ብቻ የሚመጣ መዋዠቅ ከ25 ከመቶ ብዙም አያልፍም። ለካስ ሁለት ተራ ኮከቦች ተነካክተው አንዱ ሌላውን እየሸፈነ ነበር። አምባሻው ቀረ።

ብርሃኑን ፈልጉ

ወደ አልጎል እንመለስ። የጉድሪክ ጨለማ አካል ጨለማ አልነበረም፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ ደብዛዛ፣ ግን የሚያበራ ኮከብ ነው። ዱሮ ከሁለቱ ከባዱ እሱ ነበር፤ ሲያረጅ አብጦ ላይኛውን ልብሱን ለጓደኛው አስረክቦ ቀለለ። እንዲህ ልብሱን የተገፈፈ ኮከብ የአዳኞች ሁሉ ማሳሳቻ ነው፤ መልኩ የከባድ ኮከብ ሆኖ ክብደቱ የቀላል ነው። መልኩን አምናችሁ "ይህ 5 ፀሐይ ነው" ካላችሁ፣ ጓደኛውም በስሌት ይከብድባችኋል።

በ2020 ኤችአር 6819 ላይ የሆነው ይህ ነው። በ1,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ላይ ያለ ጥቁር ጉድጓድ ተባለ፤ በ2022 የተገፈፈ ኮከብና በፍጥነት የሚሽከረከር ጓደኛው ሆኖ ተገኘ። በ2021 "ዩኒኮርን" የተባለው 3 ፀሐይ የሚመዝን ጥቁር ጉድጓድም በሚቀጥለው ዓመት እንዲሁ ፈረሰ። በሁለቱም ላይ ማስተካከያውን ከጻፉት መካከል የመጀመሪያዎቹ አጥኚዎችም አሉበት። ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ይህን ነው፤ የራስን ጥቁር ጉድጓድ በራስ እጅ መቅበር ነውር አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በስፔክትረሙ ላይ ሁለተኛ የመስመር ስብስብ ፈልጉ፤ የሚታየው ኮከብ ወደ ቀይ ሲሸሽ ወደ ሰማያዊ የሚሸሽ። ጓደኛው በፍጥነት የሚሽከረከር ከሆነ መስመሮቹ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሚሆኑ ዓይን ያመልጣሉ፤ ኤችአር 6819ን የደበቀው አንዱ ይኸው ነው። ቀጥሎ የኮከቡን ድምቀት ከአልትራቫዮሌት እስከ ኢንፍራሬድ ሰብስባችሁ በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጡ፤ የጋሌክስ፣ የቱማስና የዋይዝ ካታሎጎች አሉላችሁ። አንድ ኮከብ ብቻ ሁሉንም ነጥቦች ካልሸፈነ ሌላ አብሪ አለ። አልትራቫዮሌቱ ብቻ ካፈነገጠ ደግሞ ትኩስ ነጭ ድንክ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ቢሆን ጥሩ አደን ነው።

በመጨረሻ ይህን ጠይቁ፦ ጓደኛው ተራ ኮከብ ቢሆን ምን ያህል ይደምቅ ነበር? የተራ ኮከብ ድምቀት ከክብደቱ በጣም ፈጥኖ ያድጋል፤ ሦስት ተኩል ጊዜ ለራሱ እንደማባዛት ነው። የቢኤች 1 ጓደኛ በትንሹ ቢገመት 5.5 ፀሐይ ነው፤ ተራ ኮከብ ቢሆን የፀሐይን ከ300 እጥፍ በላይ ያበራ፣ የሚታየውን ኮከብ ጭራሽ ይውጠው ነበር። የለም። እንዲህ ያለ ባዶ ነው የምትፈልጉት። በ1 ፀሐይ አካባቢ ግን ተጠንቀቁ፤ ግማሽ ግማሽ ፀሐይ የሚመዝኑ ሁለት ኮከቦች ተጣምረው የፀሐይን ክብደት ይዘው የብርሃኗን ሩብ እንኳ አይሞሉም፤ በቀላሉ ይደበቃሉ።

ስም ማውጣት

ከ1.4 ፀሐይ በታች ከሆነ ነጭ ድንክ በሉት፣ ሌላ ማስረጃ ከሌላችሁ። ከዚያ በላይ እስከ 2 ፀሐይና ትንሽ ድረስ ኒውትሮን ኮከብ ይጠረጠራል፤ ከ3 ካለፈ ጥቁር ጉድጓድ። በመካከል ያለውን "ድብቅ ከባድ ነገር" ብላችሁ ተዉት። የኤክስሬይ ካታሎጎችንም እዩ። ሟቹ ቋሚውን እየላሰ ከሆነ በኤክስሬይ ይጮኻል፤ ሲግነስ ኤክስ 1 የታወቀው እንዲያ ነው። የመጀመሪያዋ የኤክስሬይ ሳተላይት ኡሁሩ ታኅሣሥ 1970 ከኬንያ የባሕር ዳርቻ መወንጨፏን ስነግራቸው ተማሪዎቼ አያምኑኝም። ዝም ማለቱ ግን ጥቁር ጉድጓድ አለመሆኑን አያሳይም፤ ቢኤች 1ም፣ በ2024 የታወጀው 33 ፀሐይ የሚመዝነው ቢኤች 3ም ተርበው የተኙ ናቸው።

መዝገቡ

ለእያንዳንዱ እጩ አንድ ገጽ ስጡ፦ መለያ ቁጥሩ፣ ቁልፍ ቁጥሩ ከነስህተቱ፣ ምን ምን እንደፈለጋችሁና ምን እንዳጣችሁ፣ በየትኛው ቀን። ያጣችሁትን መጻፍ ያገኛችሁትን ከመጻፍ ይበልጣል። ቀጥሎ ፍጥነቱ ጫፍ የሚደርስበትን ቀን አስሉና ጻፉ፤ ስፔክትረም የሚያነሳላችሁ ሰው ብታገኙ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

የእኛ መዝገብ ላይ አሁን ያልተሰረዙ 3 ኮከቦች አሉ። የአንደኛው ፍጥነት ጫፍ የሚደርሰው ሐምሌ አጋማሽ ነው፤ ወደ እኛ ይሁን ከእኛ፣ የቦታ ልኬቱ ብቻውን አይነግርም። በሐምሌ ደሴ ሰማይ የላትም፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ብንገባም ያው ደመና ነው። ደመና በሌለበት አገር ስፔክትሮግራፍ ያለው ሰው እየፈለግን ነው።